ከአይ.አር.ኤስ. (ከአሜሪካ የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) ለመጣ ሲ.ፒ. 2000 ደብዳቤ፦ 13,900 ዶላር ለመክፈል ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴም እኔም ደመወዝተኞች ነን፤ በ2023 የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ 64,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ከሥራ ሰዓት ውጭ በራሴ መኪና ኡበር እነዳለሁ። እስከ 2022 ታክሳችንን ይሠራልን የነበረው ባለሙያ ሌላ ስቴት ስለሄደ የ2023ን አንድ ሰው ጠቁሞኝ ቤቱ የሚሠራ ግለሰብ በጥሬ ገንዘብ ሠራልን። አሁን ‹ሲ.ፒ. 2000› የሚል ደብዳቤ መጣ። ከኡበር ያገኛችሁትን 41,300 ዶላር አላሳወቃችሁም፤ ከነቅጣቱና ከነወለዱ 13,900 ዶላር ገደማ ይፈለግባችኋል ይላል። ባንኬ የገባው ግን 30,000 እንኳን አይሞላም። የኡበር የዓመቱ ማጠቃለያ ላይ ክፍያዎችና ኮሚሽን 11,600 ዶላር፣ የተነዳ ማይል 24,000 ይላል፤ እኔ በደብተር የያዝኩት ማይል የለም። አንዱ ጓደኛዬ ‹ፈርምና በየወሩ ክፈል፣ ከመንግሥት ጋር አትጋጭ› ይለኛል። ሌላው ‹ዝም በል፣ ይረሱታል› ይላል። ባለቤቴ የዜግነት ማመልከቻ ልታስገባ እየተዘጋጀች ስለሆነ እንቅልፍ አጥታለች። ለመልሱ የተሰጠን ቀን ሊያልቅ 11 ቀን ቀርቶታል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የሁለቱንም ጓደኞችዎን ምክር ይተዉት። ከፈረሙ የማይጠበቅብዎትን ወደ አሥር ሺህ ዶላር ይከፍላሉ። ዝም ካሉ ደግሞ ያው ገንዘብ ትንሽ ቆይቶ፣ ወለድ ጨምሮ፣ ለመከራከር በሚከብድበት መልክ ይመለስብዎታል። እጅዎ ላይ ያሉት ወረቀቶች ጉዳዩን ለመጨረስ ይበቃሉ፤ 11 ቀንም በቂ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጥያቄዎ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። በአይ.አር.ኤስ. ድረ ገጽ ላይ የራስዎን አካውንት ከፍተው የተላኩልዎትን ደብዳቤዎች ማየት ይችላሉ፤ ካልሆነ ከድረ ገጹ ላይ በወሰዱት ስልክ ደውለው ይጠይቁ። የእርስዎ በፖስታ የመጣ ነው፣ የ2023ን ዓመት ይጠቅሳል፣ ከኡበር ወረቀት ጋር የሚገጥም ቁጥርም ይዟል፤ ስለዚህ እውነተኛ ይመስላል። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልናገር፦ ስልክ ደውሎ «ፖሊስ እየመጣ ነው፣ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። በዚህ መንገድ ገንዘባቸውን የተበሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንግባ። ሲ.ፒ. 2000 የክፍያ መጠየቂያ አይደለም፤ ይህንንም ራሱ ደብዳቤው ይናገራል። በታክስዎ ላይ ሊደረግ የታሰበውን ለውጥ የሚያሳይና አስተያየትዎን የሚጠይቅ ሐሳብ ነው። አመጣጡም እንዲህ ነው፦ አሠሪዎች፣ ባንኮችና እንደ ኡበር ያሉ ኩባንያዎች ለእርስዎ የከፈሉትን ገንዘብ በ1099 እና በደብሊው-2 ቅጾች ለአይ.አር.ኤስ. ያሳውቃሉ። አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም እነዚያን ቅጾች እርስዎ ካስገቡት የታክስ ማሳወቂያ ጋር ያስተያያል። ኩባንያው አሳውቆት እርስዎ ያላስገቡት ገቢ ሲገኝ ልዩነቱ ተሰልቶ ደብዳቤ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ማሳወቂያው ከገባ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሆነ ሰዉ ነገሩን ረስቶት ይደነግጣል።

ፕሮግራሙ ኡበር የላከውን ቅጽ 1099-ኬ አይቷል። የነዳጅ፣ የጎማ፣ የማይልና የኮሚሽን ወጪዎን ግን የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ 41,300 ዶላሩን በሙሉ እንደ ትርፍ ቆጠረው፤ እህሉን ከነገለባው መዘነው ማለት ነው።

ደብዳቤውን ገልጠው ሦስት ዓምድ ያለውን ሰንጠረዥ ይፈልጉ። አንደኛው ዓምድ በማሳወቂያዎ ላይ የነበረውን፣ ሁለተኛው ሌሎች ለአይ.አር.ኤስ. ያሳወቁትን፣ ሦስተኛው ልዩነቱን ያሳያል። ማብራሪያው ክፍል ውስጥ ደግሞ የከፋዩ ስምና መጠኑ ይዘረዘራል። እያንዳንዱን መስመር ከራስዎ ወረቀት ጋር ያስተያዩ። የማያውቁት ከፋይ ካለ፣ ወይም አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ከሆነ፣ እሱን ለብቻው ምልክት ያድርጉበት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ድምር አይቶ ቀሪዎቹን ገጾች ሳይገልጥ ይፈርማል፤ ስህተቱ የሚገኘው ግን እነዚያ ገጾች ላይ ነው።

«ባንኬ የገባው 30,000 አይሞላም» ያሉት ትክክል ነው፤ ኡበርም አልዋሸም። ኡበር በ1099-ኬ ላይ የሚጽፈው ተሳፋሪዎች የከፈሉትን ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ከዚያ ውስጥ የራሱን ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያዎች ቆርጦ የተረፈውን ወደ ባንክዎ ይልካል። ከ41,300 ላይ 11,600 ሲነሳ 29,700 ይቀራል፤ እሱ ነው ባንክዎ የገባው። በታክስ አሠራር ግን ጠቅላላው ገቢ መጀመሪያ በሙሉ ይጻፋል፤ ኮሚሽኑ ከዚያ በኋላ እንደ ወጪ ይቀነሳል። ባንክ የገባውን ብቻ በገቢ መስመር ላይ የጻፉ ሾፌሮችም ይኸው ደብዳቤ ይመጣባቸዋል፤ የእነሱ መልስ ከእርስዎ ይቀላል፤ ልዩነቱ ኮሚሽኑ መሆኑን ማሳየት ብቻ ነው።

እንግዲህ ስሌቱን አብረን እንሥራው።

የደብዳቤው ስሌት ይህን ይመስላል። በ41,300 ዶላር ላይ የግል ሥራ ታክስ፣ ማለትም ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለው 15.3 በመቶ፣ ከገቢው 92.35 በመቶ ላይ ይሰላል፤ ወደ 5,835 ዶላር ይመጣል። የዚህ ግማሽ ከገቢው ተቀንሶ በቀረው ላይ የገቢ ታክስ ሲታሰብ፣ በጋራ ለምታሳውቁ ለእናንተ በ12 በመቶ እርከን ወደ 4,606 ዶላር ነው። ድምሩ 10,441 ዶላር ገደማ። በዚህ ላይ የ20 በመቶ ቅጣት 2,088 ዶላር ይጨመራል፤ የቀረው ወለድ ነው። 13,900 የሆነው እንዲህ ነው።

ትክክለኛው ስሌት ደግሞ ይኸውና። ከ41,300 ላይ የኡበር ክፍያ 11,600 ይቀነስ። ለ2023 አይ.አር.ኤስ. ለመኪና ወጪ እንዲቀነስ የሚፈቅደው የማይል ሒሳብ በማይል 65.5 ሳንቲም ነው፤ 24,000 ማይል በ65.5 ሳንቲም ሲባዛ 15,720 ዶላር ይሆናል። የተጣራ ትርፍዎ 13,980 ዶላር ብቻ ነው። የግል ሥራ ታክሱ ወደ 1,975 ዶላር ይወርዳል። የዚያን ግማሽ ቀንሰን፣ ለአነስተኛ ንግድ የተፈቀደውን የ20 በመቶ ተቀናሽ ጨምረን ስናሰላ የገቢ ታክሱ 1,247 ዶላር አካባቢ ነው። በድምሩ 3,222 ዶላር። የጤና መድን ከመንግሥት የገበያ መድረክ በድጎማ ገዝታችሁ ከሆነ ገቢው ሲጨምር ድጎማውም ስለሚነካ ቁጥሩ ይለወጣል፤ እሱን ሳታዩ መልስ አትላኩ።

ልብ ይበሉ፣ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ያ የ20 በመቶ ቅጣት በዚህ ደብዳቤ ላይ የሚመጣው ጉድለቱ «ከፍተኛ» ሲባል ነው፤ ለግለሰብ ከፍተኛ የሚባለው መከፈል ከነበረበት ታክስ 10 በመቶ ወይም 5,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሲያልፍ ነው። 3,222 ዶላር ከ5,000 በታች ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሲታረም ቅጣቱ የቆመበት ምክንያት አብሮ ይወድቃል። ይህንን በመልስዎ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት እንጂ እነሱ ያስተውሉታል ብለው አይተዉት።

ማይሉን በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰዉ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። ሕጉ ለመኪና ወጪ ጥብቅ ማስረጃ ይጠይቃል፦ ቀን፣ ርቀት፣ የሥራው ዓላማ። የኡበር ማጠቃለያ ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን በመተግበሪያው ላይ ሥራ ላይ ሆነው የነዱትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። እሱን የሚደግፍ ሌላ ማስረጃ ይሰብስቡ። የሞተር ዘይት ያስቀየሩባቸውን ደረሰኞች ያውጡ፤ ብዙውን ጊዜ የማይል ቆጣሪው ንባብ ከቀኑ ጋር ተጽፎባቸዋል። የመኪናው ዓመታዊ የደህንነት ምርመራ ወረቀት፣ የጎማ ግዢ፣ የጋራዥ ደረሰኝም እንዲሁ። በጥር አካባቢ የተነበበውና በታኅሣሥ አካባቢ የተነበበው ቁጥር ልዩነት መኪናዎ በዓመቱ በጠቅላላ ስንት እንደተነዳ ያሳያል። ጠቅላላው 36,000 ሆኖ የሥራው 24,000 ቢሆን የሚታመን ነው፤ ጠቅላላው 25,000 ሆኖ የሥራው 24,000 ቢሆን ግን መርማሪው ወደ ደመወዝ ሥራዎና ወደ ቤተ ክርስቲያን በምን ሄዱ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከኡበር መተግበሪያ የየጉዞውን ዝርዝር ማውረድ ይቻላል፤ ስልክዎ የጉዞ ታሪክ ይመዘግብ ከነበረም ያውርዱት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ አሁን ቁጭ ብለው በአንድ ብዕር፣ በአንድ ቀለም፣ የ2023ን ሙሉ ዓመት «የማይል ደብተር» አይጻፉ። ያኔ እንደተጻፈ አስመስሎ ማቅረብ ማጭበርበር ነው፤ ትንሹን የታክስ ጉዳይ ወደ ትልቅ ጣጣ ይለውጠዋል። ከደረሰኞቹና ከጉዞ ዝርዝሩ ተነስተው አሁን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ግን ተገቢ ነው፤ አናቱ ላይ «ከእነዚህ ማስረጃዎች ተነስቶ በኋላ የተዘጋጀ» ብለው ይጻፉበት። እውነቱን የተናገረ ሰንጠረዥ ከተቀባባ ደብተር ይልቅ ተቀባይነት አለው።

የማይሉን ሒሳብ ከወሰዱ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና የመኪናው እርጅና እዚያው ውስጥ ስለተካተቱ እንደገና አይቀነሱም። ለሥራ የከፈሉት የመኪና ማቆሚያና የመንገድ ክፍያ ግን ለብቻው ይቀነሳል፤ ኡበር ካልመለሰልዎት ማለቴ ነው። በዚህ የማይል ሒሳብ ለመጠቀም መኪናው ለሥራ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት እሱን መምረጥ ያስፈልጋል። የእርስዎ መኪና ሥራ የጀመረው በ2021 ስለሆነ የያኔው ባለሙያ በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቅጽ) ላይ በማይል አስልቶ እንደሆነ የዚያን ዓመት ቅጂ አውጥተው ይመልከቱ። በማይል ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። በእውነተኛ ወጪ አስልቶ ከሆነ በዚያው መኪና በዚያው መቀጠል ይኖርብዎታል፤ ያኔ የነዳጅና የጥገና ደረሰኝ ፍለጋ ይጀመራል።

አሁን መልሱን እናዘጋጅ። ከደብዳቤው ጋር የመልስ ቅጽ አለ። የማይስማሙ መሆኑን የሚገልጸውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ከኋላው የተስተካከለ ስኬጁል ሲ፣ የግል ሥራ ታክስ የሚሰላበትን ስኬጁል ኤስ.ኢ. እና የገባ ማሳወቂያ የሚታረምበትን ቅጽ 1040-ኤክስ ያያይዙ፤ በ1040-ኤክሱ አናት ላይ «ሲ.ፒ. 2000» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉበት። ይህን ቅጽ ለብቻው በሌላ ፖስታ አይላኩት፤ ሁለት ክፍሎች አንዱን ጉዳይ እየተቀባበሉ ወራት ይፈጃሉ። ማሳወቂያው የጋራ ስለሆነ ባለቤትዎም ትፈርማለች። ፊት ለፊት ላይ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይኑር። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን ይኸው ነው፦

«ይህ የ2023 ታክስ ዓመትን ለሚመለከተው ሲ.ፒ. 2000 ደብዳቤ የተሰጠ መልስ ነው። በታሰበው ለውጥ በከፊል አንስማማም። ከኡበር የተገኘው 41,300 ዶላር በማሳወቂያችን ላይ ሳይካተት መቅረቱን እንቀበላለን። ይህ ገንዘብ የግል ሥራ ጠቅላላ ገቢ ሲሆን ከእሱ ላይ የሚቀነሱ ወጪዎች አሉ። የኡበር ክፍያና ኮሚሽን 11,600 ዶላር (አባሪ 1)። የሥራ ማይል 24,000 በ65.5 ሳንቲም፣ 15,720 ዶላር (አባሪ 2)። የተጣራ ትርፍ 13,980 ዶላር (አባሪ 3)። በዚህ መሠረት ተጨማሪው ታክስ 3,222 ዶላር ነው (አባሪ 4)። ጉድለቱ ከ5,000 ዶላር በታች ስለሆነ ለከፍተኛ ጉድለት የታሰበው ቅጣት እንዲነሳ እንጠይቃለን።»

በቃ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለታመመ ዘመድ፣ ስላታለላችሁ ሰው አንድ ገጽ አትጨምሩበት። ደብዳቤውን የሚያነበው ሠራተኛ በቀን ብዙ ፋይል የሚያይ ሰው ነው፤ ቁጥሩንና አባሪውን ፈልጎ ካገኘ ይወስንላችኋል። በየገጹ ላይ ስማችሁን፣ ዓመቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን የመጨረሻ አራት አሃዞችና በደብዳቤው ቀኝ ራስጌ ያለውን የጉዳይ መለያ ቁጥር ጻፉ። ገጾች ይለያያሉ፣ ይጠፋሉም። ዋናውን ደረሰኝ አትላኩ፤ ቅጂ ብቻ ይሂድ።

መልሱ በፖስታ፣ በፋክስ ወይም በአይ.አር.ኤስ. የሰነድ መጫኛ ገጽ በኩል ሊላክ ይችላል። በፖስታ ከሆነ በፊርማ የሚሰጥ የአደራ ደብዳቤ ይሁን፤ ደረሰኙ ከፋይልዎ አይለይ። በገጹ ከጫኑ የማረጋገጫውን ምስል ያስቀምጡ። ወረቀቱ በ11 ቀን ውስጥ የማይሟላ ከመሰለዎት ቀኑ ሳያልፍ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውለው ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ይሰጣሉ። መስመሩ ስለሚጨናነቅ ጠዋት በማለዳ ይደውሉ። በእንግሊዝኛ ጉዳዩን ማስረዳት የሚያስቸግረው ሰው በነፃ የአማርኛ አስተርጓሚ ሊጠይቅ ይችላል፤ መብት ነውና አያፍርበት። ያነጋገሩትን ሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና የተባለውን ይመዝግቡ።

መልስ ባይልኩ ምን ይመጣል? የሚቀጥለው ወረቀት የጉድለት ማስታወቂያ ይባላል፤ በሕግ የተደነገገ የ90 ቀን ደብዳቤ ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ታክሱን ሳይከፍሉ መከራከር የሚቻለው በዚያ ጊዜ ውስጥ ለዩናይትድ ስቴትስ የታክስ ፍርድ ቤት አቤቱታ በማስገባት ነው። የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ አይ.አር.ኤስ. ራሱ ሊያራዝመው አይችልም። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኼ ነው፦ የሲ.ፒ. 2000 መልሱን ልኮ ውጤት እየጠበቀ ሳለ የ90 ቀኑ ደብዳቤ ይመጣል፤ «መልሴ እየታየ ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ ቀኑ ያልፋል። መልስዎ እየታየ ቢሆንም 90 ቀኑ ይቆጥራል። ቀኑ እየቀረበ ጉዳዩ ካላለቀ አቤቱታውን ያስገቡ። ማስገቢያው 60 ዶላር ነው፤ ክርክሩ በዓመት ከ50,000 ዶላር ካልበለጠም ቀለል ያለ የአነስተኛ ጉዳዮች ሥርዓት አለ። የሚበዛው ጉዳይ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል። ቀኑ አልፎ ታክሱ ከተወሰነ በኋላም ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ያኔ እየለመኑ እንጂ በመብት እየተከራከሩ አይደለም።

መልሱን በሰዓቱ ከላኩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወይ የተስተካከለ ሲ.ፒ. 2000 ከአዲስ ቁጥር ጋር ይመጣል፣ ወይ ጉዳዩ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ። ሌላ ማስረጃ ከጠየቁዎት የጠየቁትን ብቻ፣ ወዲያውኑ ይላኩ።

ስለ ገንዘቡ፦ 3,222 ዶላሩን መክፈል ከቻሉ ከመልሱ ጋር ይክፈሉት፤ ወለዱ በየቀኑ እየተጠራቀመ ነውና። በአይ.አር.ኤስ. የቀጥታ ክፍያ ገጽ ላይ ዓመቱን 2023፣ የክፍያውን ምክንያት ሲ.ፒ. 2000 ብለው ይምረጡ። ካልቻሉም አይጨነቁ። የመጨረሻው ቁጥር ሲታወቅ እስከ 180 ቀን የሚደርስ አጭር የክፍያ ጊዜ ያለ ማስጀመሪያ ክፍያ ይገኛል፤ ከዚያ ለረዘመው ወርኃዊ የክፍያ ስምምነት አለ፤ ሁለቱንም በድረ ገጹ ማመልከት ይቻላል። «ከአይ.አር.ኤስ. ጋር ተደራድሬ ዕዳህን በሳንቲም አስጨርሳለሁ» ብለው በሬዲዮና በማኅበራዊ መገናኛ ለሚጣሩ ሰዎች ግን ሰባራ ሳንቲም አይስጡ፤ እንዲህ ላለ ጉዳይ አያስፈልጉም።

ታክሱን የሠራላችሁ ሰው ነገር ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። የማሳወቂያችሁን ቅጂ አውጥተው የቅጽ 1040ን መጨረሻ ይመልከቱ። ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሰው እዚያ ላይ የመፈረምና ከአይ.አር.ኤስ. የተሰጠውን የአዘጋጅ መለያ ቁጥር የመጻፍ ግዴታ አለበት። ቦታው ባዶ ከሆነ ሰውየው ማሳወቂያውን እናንተ ራሳችሁ እንደሠራችሁት አስመስሎ አስገብቶታል ማለት ነው። በቅጽ 14157 ሊከሰስ ይችላል፤ እንድታደርጉትም እመክራለሁ፤ ከእናንተ በፊትና ከእናንተ በኋላ የመጡ ቤተሰቦች አሉና። ነገር ግን «ያጠፋው እሱ ነው» ማለት ብቻውን ለአይ.አር.ኤስ. መልስ አይሆንም። ፈራሚው ተጠያቂ ነው። 1099-ኬውን ለሰውየው በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት ልከውለት ከነበረ ማስረጃውን ያስቀምጡት፤ ምናልባት ቅጣት እንዲቀር ሌላ መከራከሪያ ካስፈለገ ይጠቅማል።

ባለቤትዎን ያረጋጉልኝ። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን-400 ጊዜው ያለፈ የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ ታክስ ዕዳ እንዳለባት ይጠይቃል። ሲ.ፒ. 2000 ገና ሐሳብ ነው፤ ተወስኖ የተጣለ ዕዳ አይደለም። እናንተ በጊዜው መልሳችሁ፣ የሚገባውን ከፍላችሁ ወይም የክፍያ ስምምነት ገብታችሁ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ከቀረባችሁ ጥሩ ቦታ ላይ ናችሁ። የሚጎዳው ሳይመለስ ቀርቶ ዕዳ ሆኖ መገኘቱ ወይም በቃለ መጠይቁ ላይ መደበቁ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ግን ይህን ደብዳቤና መልሳችሁን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዩ፤ ያ የእኔ ሙያ አይደለም።

ይህን ሁሉ ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ሰው ከፈለጉ ግን በአይ.አር.ኤስ. ፊት ሊወክልዎት ሙሉ ፈቃድ ያለውን ይምረጡ፤ ኢንሮልድ ኤጀንት (ከአይ.አር.ኤስ. ፈቃድ ያለው የታክስ ባለሙያ)፣ ሲ.ፒ.ኤ. (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ወይም ጠበቃ። የውክልናው ቅጽ 2848 ይባላል። ገቢው አነስተኛ ለሆነ፣ ማለትም ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ሁለት እጥፍ ተኩል ለማይበልጥ ቤተሰብ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከራከሩ የታክስ ክሊኒኮች አሉ፤ አድራሻቸው በአይ.አር.ኤስ. ሕትመት 4134 ላይ በየስቴቱ ተዘርዝሯል።

ሁለት ሥራዎች ይቀሩዎታል። አንደኛው ስቴቱ ነው። አይ.አር.ኤስ. የመጨረሻውን ቁጥር ለቨርጂኒያ ያስተላልፋል፤ እናንተም የፌዴራሉ ውሳኔ ከጸና በአንድ ዓመት ውስጥ የቨርጂኒያውን ማሳወቂያ የማስተካከል ግዴታ አለባችሁ። ሜሪላንድ የሚኖሩ አንባቢዎች ያላቸው ጊዜ 90 ቀን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የ2024 ማሳወቂያ ነው። የሠራው ያው ሰውዬ ከሆነ ዛሬ ማታ አውጥተው ይመልከቱት፤ ስኬጁል ሲ ውስጡ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ስለዚያ ዓመት ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቁ። አይ.አር.ኤስ. ስለ ዓመቱ ከመጠየቁ በፊት በፈቃድዎ በ1040-ኤክስ ካስተካከሉት ታክሱንና ወለዱን ይከፍላሉ እንጂ የ20 በመቶው ቅጣት አይደርስብዎትም። የ2024 የማይል ሒሳብ 67 ሳንቲም ነው፤ የ2025 ደግሞ 70። ከዛሬ ጀምሮም በየሳምንቱ መጨረሻ የማይል ቆጣሪውን ፎቶ ያንሱ፤ ፎቶው ቀኑን ራሱ ይይዝልዎታል።